ዕቃው ይመስክር! ከቆራሌው ጆንያ እስከ ለንደን ሙዚየም

(በአዲስ አበባ ለሥነ ጥበብ ወዳጆች ከቀረበ ንግግር ለጋዜጣ እንዲመች አጠር ተደርጎ የተወሰደ)



ንግግሬን በሙዝ ልጀምር። አትሳቁ! ሙዙ የዋዛ ሙዝ አይደለም። ጣሊያናዊው ማውሪዚዮ ካቴላን እ.ኤ.አ. በ2019 ማያሚ ላይ አንድ ሙዝ በፕላስተር ግድግዳ ላይ ለጠፈና ‹‹ኮሜዲያን›› የሚል ስም ሰጠው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ይኸው ሥራ ኒውዮርክ ሶዝቢስ ሐራጅ ቤት ቀርቦ በ6.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የገዛው በክሪፕቶ ገንዘብ የከበረ ባለሀብት ነው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ሆንግ ኮንግ ላይ፣ ሰው ሰብስቦ፣ ካሜራ አስደርድሮ ልጦ በላው። ጉድ በል ያገሬ ሰው!

ጋዜጦች ሁሉ የገዢውን ስም አራገቡ። ለመሆኑ ሙዙን መጀመሪያ የሸጠው ማነው? መንገድ ዳር ፍራፍሬ የሚቸረችሩ አንድ አዛውንት ስደተኛ ናቸው። የሸጡትም በ35 ሳንቲም ነበር። ሙዟ ያወጣችው ዋጋ ሲነገራቸው እንባቸው መጣ።

የዛሬው ጉዳዬ የሚነሳው ከዚህ ነው። አንድ አርቲስት ከዕለት ኑሮ ዕቃ አንስቶ ‹‹ይህ ጥበብ ነው›› ሲለን፣ ደስ ካለን ‹‹ቆንጆ ነው›› እንላለን። ካናደደን ደግሞ ‹‹ይሄንንማ ልጄም ይሠራዋል!›› እንላለን። እኔ የምለው፣ ከሁለቱም በፊት ሌላ ጥያቄ ይቅደም። ይህ ዕቃ የማን ነበር? ማን ተሸከመው? ማንስ አተረፈበት? ዕቃ ምስክር ነው፤ ጎበዝ አርቲስት ምስክሩን ያናግረዋል፣ መናኛው አፉን ያስይዘዋል።

ነገሩ የትናንት አይደለም። ማርሴል ዱሻም እ.ኤ.አ. በ1917 ኒውዮርክ ውስጥ የወንዶች መሽኛ ሸክላ ለኤግዚቢሽን አቀረበ። ክፍያ የከፈለ ሁሉ ሥራውን ያሳያል ብለው የነበሩት አዘጋጆች ቃላቸውን በልተው አላሳዩለትም። ፒካሶም እ.ኤ.አ. በ1942 የብስክሌት ኮርቻና መሪ ገጥሞ የበሬ ራስ አወጣበት። እነዚህ ሰዎች የጠየቁት ‹‹ጥበብ ምንድን ነው?›› ብለው ነው። ጥያቄያቸው ቁም ነገር አለው፤ እኔም አልንቀውም። የእኛ አህጉር አርቲስቶች ግን ሌላ ጥያቄ ጨመሩበት፤ ‹‹ይህ ዕቃ እንዴት እኛ ዘንድ ደረሰ?›› አሉ።

እኛ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ባይተዋር አይደለንም። ማለዳ ‹‹ቆራሌው!›› የሚለው ጥሪ ያልቀሰቀሰው አዲስ አበቤ ማነው? ያረጀ ልብስ ለልዋጭ ሰጥቶ ሳህንና ኩባያ ያልተቀበለ ቤትስ የትኛው ነው? መርካቶ ምናለሽ ተራ ግቡ፤ በርሜሉ ተቀጥቅጦ የከሰል ማንደጃ ይሆናል፣ የመኪና ጎማው ተቆርጦ በረባሶ ጫማ ይሆናል። እዚያ የሚባክን ነገር የለም። ይሁንና የምናለሽ ተራው ባለሙያና አርቲስቱ ሥራቸው ይለያያል። ባለሙያው ዕቃውን መልሶ ለሥራ ያሰማራዋል፤ ጎማ መሆኑን ረስተን እንራመድበታለን። አርቲስቱ ግን ዕቃውን ‹‹ቁም!›› ይለዋል፤ ከሥራ ያስፈታውና እንድናየው ፊት ለፊታችን ያቆመዋል።

ምሳሌ ላቅርብ። ቤኒናዊው ሮሙአልድ ሀዙሜ የሚሠራው በጀሪካን ነው። ለብዙ ዓመታት ከናይጄሪያ ወደ ቤኒን ቤንዚን በኮንትሮባንድ ይገባ የነበረው በሞተር ብስክሌት ተጭኖ ነው። ጀሪካኑ ብዙ እንዲይዝላቸው በእሳት እያሞቁ ይለጥጡታል። ሲለጠጥ ይሳሳል፤ ከዚያ በኋላ አንዲት የእሳት ብልጭታ ነጂውን ከነሞተሩ ልታነደው ትችላለች። ሀዙሜ አገልግለው የተጣሉትን ጀሪካኖች ሰበሰበ። አፋቸውን የሰው አፍ፣ እጀታቸውን አፍንጫ አደረገና ጭምብል አወጣቸው።

ከዚያም 304 ጀሪካኖችን በመርከብ ቅርጽ ደረደራቸው። ቅርጹን የወሰደው ብሩክስ ከተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ሥዕል ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የባሪያ ንግድ ተቃዋሚዎች ያሳተሙት፣ ሰው እንደ ማገዶ ተደርድሮ የሚታይበት ሥዕል። የሥራው ስም ‹‹ላ ቡሽ ዱ ሯ›› ነው፤ የንጉሡ አፍ እንደማለት። ይህም ባሪያዎች ይጫኑበት የነበረ የቤኒን ባሕር ዳርቻ ስም ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም ገዝቶት እ.ኤ.አ. በ2007፣ እንግሊዝ የባሪያ ንግድን በሕግ የከለከለችበት 200ኛ ዓመት ሲታሰብ ለሕዝብ አሳየው።

እስቲ አስቡት! ጀሪካን ምንም አልተናገረም፤ ግን የተናገረውን ሁሉ ሰማነው። የትናንቱ ባሪያና የዛሬው ቤንዚን ተሸካሚ ወጣት አንድ መርከብ ላይ ተገናኙ። እስኪያልቅ ድረስ ይጫንበታል፤ ሲያልቅ ይጣላል።

ለነገሩ ቢጫው ጀሪካን ለእኛስ እንግዳ ነው እንዴ? ዘይት ይዞ ይመጣና ውኃ ሲጠብቅ ያረጃል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን ባለቤቱን ወክሎ ይሰለፋል፣ ተራ ይይዛል፣ ሲገፋም ይጣላል። ከብዙ ሪፖርት ይልቅ የከተማዋን የውኃ ታሪክ የሚያውቀው እሱ ነው። የእኛን ጀሪካን ግን እስካሁን ስንቶቻችን ጠየቅነው?

ወደ ሞዛምቢክ ልለፍ። ያቺ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 በእርስ በርስ ጦርነት ነደደች። ጦርነቱ ሲያበቃ ጠመንጃው በየጓሮው ተቀብሮ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1995 የሞዛምቢክ የክርስቲያኖች ምክር ቤት፣ በጳጳሱ ዲኒስ ሴንጉላኔ አነሳሽነት፣ አንድ ብልሃት ዘየደ። ጠመንጃውን ያስረከበ ብስክሌት፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ መቆፈሪያ ወይም የቤት መሥሪያ ዕቃ ይሰጠው ጀመር። የተሰበሰበው መሣሪያ ተቆራርጦ ለአርቲስቶች ደረሰ። ከእነርሱ አንዱ፣ ኬስተር የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ከጠመንጃ ቁርጥራጭ ወንበር ሠራ፤ ‹‹የመሣሪያ ዙፋን›› ተባለ። ዛሬ የብሪቲሽ ሙዚየም ንብረት ነው።

ወንበሩን ቀርባችሁ ብታዩት የብዙ ሀገር ፋብሪካ ልጅ ነው። ከሶቪየት ኅብረት፣ ከፖርቱጋልና ከሰሜን ኮሪያ ሳይቀር የመጣ ብረት አለበት። ሞዛምቢካዊ ሞዛምቢካዊውን የገደለበት ብረት ሞዛምቢክ ውስጥ አልተሠራም! ‹‹የማን ነበር?›› ብለን ስንጠይቅ ወንበሩ የሞቱትን ብቻ ሳይሆን የሸጡትንም ይቆጥርልናል።

እንግዲህ ይህንን ሲሰማ የሀገሩ ነገር ልቡን የማይነካው ኢትዮጵያዊ ይኖራል? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ስንት ብረት እንደጮኸ፣ ስንት እናት እንዳለቀሰች እናውቃለን። ከዚያም ወዲህ ጥይት ዝም አላለም። የእኛን ብረት ማን ወንበር ያደርገዋል? ወንበሩ ላይስ ለመቀመጥ የሚደፍር ይገኛል?

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። ዕቃው ሲያምር ምስክርነቱ ሊጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1944 ጋና ውስጥ ተወልዶ ናይጄሪያ ንሱካ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ኤል አናትሱይ የሚሠራው በአረቄ ጠርሙስ ክዳንና ማሸጊያ ነው። ብዙ ረዳቶች ክዳኑን ይጠፈጥፉለታል፣ በመዳብ ሽቦ ይሰፉለታል፤ ግድግዳ የሚያለብስ የወርቅ ጥልፍ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የቬኒስ ቢየናሌ በዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ ሸለመው። ተመልካች ውበቱን አድንቆ ይሄዳል። አውሮፓዊው ነጋዴ ወደ አፍሪካ ዳርቻ ሲመጣ ከያዛቸው ሸቀጦች አንዱ አረቄ እንደነበረ፣ አረቄም በሰው ይለወጥ እንደነበረ ያስታወሰው ግን ስንቱ ነው? ይህ የአርቲስቱ ጥፋት አይደለም። ምስክሩ ቀርቧል፤ የማይጠይቀው ዳኛው ነው። ዳኛው ደግሞ እኔና እናንተ ነን።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ኤልያስ ስሜ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ የእኛው ሰው ነው። የልብስ ቁልፍ፣ ክር፣ ቆርኪ ይዞ ጀመረ። በኋላ ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ፣ የተፈታታ ኮምፒዩተር፣ ማዘርቦርድ፣ ኪቦርድ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ መግዛት ያዘ። ሽቦውን እንደ ሹሩባ እየጎነጎነ በትንንሽ ምስማር እንጨት ላይ ይመታዋል። ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ ማሳ ይመስላል፤ ሲቀርቡት የማናውቀው ሰው ጣት የነካው የኪቦርድ ፊደል ነው። ‹‹ልጄም ይሠራዋል›› ለሚል ሰው፣ ልጁ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ጎንጉኖ ያሳየን!

የተባበሩት መንግሥታት ጥናት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች፤ በወጉ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ለስልክና ለኮምፒዩተር ባትሪ የሚሆነው ኮባልት በአብዛኛው የሚቆፈረው ኮንጎ ነው። ማዕድኑ ከአፍሪካ ይወጣል፣ አገልግሎ ሲሰለች ከፊሉ ወደ አፍሪካ ይመለሳል። የኤልያስ ሽቦ የሚመሰክረው ይህንን መንገድ ነው። የስሚዝሶንያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 ሸልሞታል፤ በ2024ም ቬኒስ ላይ አሳይቷል። ከመስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ አካባቢ ያቋቋሙት ዞማ ሙዚየም ደግሞ በጭቃና በጭድ፣ በአባቶቻችን የግንባታ ጥበብ የተሠራ ነው። ቬኒስ ድረስ መሄድ ለማንችል መካኒሳ ቅርብ ነው።

አንዳንድ ሰው ‹‹ይህ ሁሉ ድህነትን ማስዋብ ነው፤ ፈረንጅ ቆሻሻችንን በዶላር ሲገዛ እናጨበጭባለን›› ይላል። ከፊሉ እውነት ነው። ጀሪካኑን አድንቀን ሰልፉን ከረሳን፣ ሥራው በሚሊዮን ሲሸጥ ጆንያ የተሸከመው ቆራሌው ያው ቆራሌው ከሆነ፣ ሙዙን የሸጡትን አዛውንት ደግመን አስለቀስናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ‹‹የማን ነበር?›› ያለ አፍ ‹‹ለማንስ ተከፈለ?›› ማለት አለበት። አርቲስቱንም ቢሆን መጠየቅ ይገባል።

ለወጣት አርቲስቶች አንድ አደራ አለኝ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ የተነቀለውን በር አስቡት። የዛገውን ቆርቆሮ፣ የቤት ቁጥር የተጻፈበትን ሰሌዳ፣ ሦስት ትውልድ የረገጠውን የጣውላ ወለል አስቡት። ያ ሁሉ በኪሎ ተመዝኖ ተሸጧል፤ ቀልጦ ሌላ ዕቃ ሆኗል። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ ደመቀ፤ መልካም፣ ከተማ ይታደስ። ነገር ግን በሩ የማን ነበር? ባለቤቱስ ዛሬ የት ያድራል? ይህንን የሚመልስ ሰነድ ምናልባት መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ይኖር ይሆናል። እኔ የምተማመነው ግን በበሩ ነው። ገና ያልፈረሰ ሰፈር አለ፤ የቆራሌው ጆንያም በየቀኑ ያልፋል። ምስክሩ ከመቅለጡ በፊት ድረሱለት!

ልብ ያለው ልብ ይበል።