ስለ ባቲ ገበያና ስለ ፍየል ሌጦ

ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። የከተማ ነገር ገበሬን አይመለከተውም የሚል ብዙ ሰው አለ። ነገር ግን ትንሽ ከተማ የምትኖረው ከገበሬው ጎተራና ከበረቱ በሚወጣው ነው፤ ስለዚህ የእርሷ መድመቅና መቀዝቀዝ የእናንተም ጉዳይ ነው። በወሎ ያለችውን ባቲን እንመልከት።

ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው አልቆ ወደ አፋር ቆላ በሚወረድበት ላይ ተቀምጣለች። ገበያውን የሰጣት ይህ አቀማመጧ ነው። ከላይ እህል ይወርዳል፤ ከታች ግመል፣ ፍየል፣ ቅቤና ጨው ይወጣል። ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ፤ ቋንቋቸው ቢለያይም ዋጋ መቁረጥ አያቅታቸውም። ከአራቱ ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ አንዱ የሚጠራው በዚችው ከተማ ስም ነው።

በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወስደው የመኪና መንገድ በጣልያን ወረራ ዘመን ተሠራ፤ ከዚያም ወዲህ የወደብ ጭነት ብዙ ዓመት ሲመላለስበት ኖረ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ጭነት ቀርቶ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የሰኞው ገበያ ግን አልቀረም፤ የቆመው በወደብ ላይ ሳይሆን በእህልና በመንጋ ላይ ነበርና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዓለም የቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ የባቲ ፍየል ሌጦ የታወቀ ነው። ጥራቱ ለእጅ ጓንትና ለለስላሳ ልብስ ስለሚስማማ፣ ሌጦው በከተማይቱ ስም ይጠራል። ይህን ስም ያተረፈው ፍየሉን ያረባው ሰው ነው፤ የሚያበላሸውም ያው እርሱ ነው ብል አትቀየሙኝ።

ጥፋቱ የሚጀምረው ፍየሉ በሕይወት ሳለ ነው። ቅማልና የእከክ ተባይ ቆዳውን ያቆስላሉ፤ ጠባሳው ከጠጉሩ በታች ተደብቆ ይኖርና ፋብሪካ ገብቶ ጠጉሩ ሲነሣ ብቻ ይታያል። ስለዚህ ፍየላችሁ ከግንድ ጋር ሲታከክ ባያችሁ ጊዜ ዝም አትበሉ፤ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ጥሩና መድኃኒት ይረጭለት። አንዱን ብቻ አድኖ መንጋውን መተው ግን ጥቅም የለውም፤ ተባዩ ተመልሶ ይጋባበታል።

ሁለተኛው ጥፋት የቢላ ነው። የታረደውን ፍየል መሬት ላይ አጋድሞ በችኮላ መግፈፍ ልማዳችን ነው፤ በዓል ሲሆንማ ይብሳል። ይልቁን ሰቅላችሁ ግፈፉ። ቢላ የሚያስፈልገው ሆዱንና እግሮቹን ለመክፈት ነው፤ የቀረውን ሌጦ በጡጫ እየገፋችሁ አላቁት። በቢላ የተበጣ ሌጦ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ያለበት ነጠላ ማለት ነው።

ከዚያም ሌጦው ሳያድር ጨው ይነስነስበት። ጨው የሚደረገው በሥጋው በኩል ነው፤ ልኩም የሌጦው ክብደት ሢሶ ያህል ነው። ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ሌጦ ከ600 እስከ 700 ግራም ጨው ይበቃል። ጨው ካጣችሁ በጥላ ወጥራችሁ አድርቁት እንጂ ፀሐይ ላይ ወይም መሬት ላይ አታስጡት።

እርግጥ ነው፤ በቅርብ ዓመታት የሌጦ ዋጋ ክፉኛ ወርዷል፤ በበዓል ሰሞን ሌጦ እስከ መጣል ተደርሷል። «ስለ ምን እደክማለሁ?» የሚል ገበሬ ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም ነጋዴው መርጦ በሚገዛበት ጊዜ የሚቀርበት የተበጣውና የሸተተው ነው፤ ንጹሑ ገዢ አያጣም።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ አንድ ሰኞ ከሌጦ ነጋዴው አጠገብ ተቀምጣችሁ የሚጥለውን ሌጦ ተመልከቱ። ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣ ጠይቁና በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርቱን ከዚያ ቀበሌ ጀምሩ።