ከፊሽካው በኋላ ማን ይቀራል?

(ቅዳሜ በነበረን የወጣቶች ስብሰባ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ጽሑፉን የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ እነሆ።)



ዛሬ ትልቅ የፖለቲካ ትንታኔ የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ። የማወራው ስለ ኮሜዲ ፊልም ነው። ያውም ስለ ኳስ ደጋፊዎች! ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

እንደምታውቁት ተመርቄ ሥራ ፈላጊ ነኝ። ስለዚህ ሁለት ነገር አያመልጠኝም፦ የቅዳሜ ጨዋታና ፊልም።

የመጀመሪያው ፊልም «ሉኪንግ ፎር ኤሪክ» ይባላል፤ «ኤሪክን ፍለጋ» እንደማለት ነው። እንግሊዛዊው ኬን ሎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ነው። ኤሪክ የሚባል የማንቸስተር ፖስተኛ አለ፣ የለየለት የዩናይትድ ደጋፊ። ሕይወቱ ግን ተበላሽቷል። ድሮ ጥሏት የሄደው ሚስቱ ጸጸት ይበላዋል፣ የእንጀራ ልጆቹ አይሰሙትም። የሥራ ጓደኞቹ እንዲስቅ ብለው ተራ በተራ ቀልድ ይነግሩታል፤ እሱ ፍንክች አይልም። ማታ ክፍሉ ገብቶ ግድግዳ ላይ ለለጠፈው ለኤሪክ ካንቶና ፎቶ ያወራል። አንድ ቀን ካንቶና ራሱ ክፍሉ ውስጥ ከች! የሚሠራውም እውነተኛው ካንቶና ነው።

ፖስተኛው ታዲያ «ከሁሉ የማትረሳው የቱን ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። እኛ ጎል እንጠብቃለን። ካንቶና ግን ጎል ሳይሆን ያቀበልኩት ኳስ ነው ይለዋል፤ ከቶተንሃም ጋር ሲጫወቱ ለኧርዊን ያቀበላትን። ባያገባውስ ሲለው፣ ጓደኞችህን ማመን አለብህ ነው መልሱ።

በኋላ ነገሩ ይከፋል። አንዱ የእንጀራ ልጁ ከወሮበላ ጋር ይነካካና ቤታቸው ውስጥ ሽጉጥ ይደበቃል። ፖስተኛው ብቻውን ሊወጣው ይሞክራል፤ ይዋረዳል። ለጓደኞቹ ሲነግራቸው ግን ደጋፊው በአውቶቡስ ተሞልቶ፣ ሁሉም የካንቶናን ፊት ጭንብል አጥልቆ ወሮበላው ቤት ይመጣል። ሄዳችሁ ቤት ስበሩ እያልኳችሁ አይደለም፤ ፊልም ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች አብረው የሚጮኹት ስታዲየም ውስጥ ብቻ አልነበረም። ሰውዬው ሲቸግረው መጡ።

እኛስ?

እኛ ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም። ዳኛ ሲሳሳት እሱ የሚለውን ሰምቶ የማይስቅ የለም። አንድ ቅዳሜ ቀረ። በሚቀጥለውም ቀረ። ቦታውን ሌላ ሰው ተቀመጠበት፣ በቃ። ከሁለት ወር በኋላ ስንሰማ እናቱ ታመው ብቻውን ሲያስታምም ነበር። ቤቱ ከዚያ አምስት ደቂቃ አይሞላም! እንግሊዝ ሀገር ያለ ተጠባባቂ በረኛ የትኛው ጅማቱ እንደተጎዳ እናውቃለን፤ የጓደኛችን እናት መታመማቸውን አላወቅንም። ይህን ስል ራሴንም ጨምሬ ነው።

ሁለተኛው ፊልም የኢራን ነው፤ «ኦፍሳይድ»፣ የጃፋር ፓናሂ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. 2006። ኢራን ከባህሬን ጋር ለጀርመኑ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ትጫወታለች። ሴቶች አዛዲ ስታዲየም መግባት ስለማይፈቀድላቸው ልጃገረዶች ወንድ መስለው ሊገቡ ሲሉ ይያዛሉ። ከስታዲየሙ ጀርባ በአጥር ተከልለው ይቆማሉ። ጩኸቱ ይሰማቸዋል፣ ኳሱ አይታያቸውም። የሚጠብቋቸው ወታደሮች የድሃ ልጆች ናቸው፤ አንደኛው ሐሳቡ ሁሉ ገጠር ያሉት ከብቶቹ ጋ ነው። ሌላው በክፍተቱ አጮልቆ እያየ ጨዋታውን ያስተላልፍላቸዋል። አንዷ ሽንት ቤት ልሂድ ስትል ፊቷን በተጫዋች ፖስተር ሸፍነው ይወስዷታል። በሳቅ ትሞታላችሁ። ግን ሳቃችሁ በልጆቹ ላይ አይደለም፤ በአጥሩ ላይ ነው።

ልጆቹ ሀገራቸውን አልጠሉም። የተያዙት ሀገራቸውን ሊደግፉ ሲመጡ ነው! ኢራን 1 ለ 0 አሸንፋ ስታልፍ፣ ልጆቹም ወታደሮቹም መንገድ ላይ ከሚጨፍረው ሕዝብ ጋር ይቀላቀላሉ። ፊልሙ በርሊን ላይ የብር ድብ ሽልማት አገኘ፤ ሀገሩ ውስጥ ግን እንዳይታይ ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ሴቶች ትኬት ገዝተው እዚያው አዛዲ ገብተው፣ ኢራን ካምቦዲያን 14 ለ 0 ስታሸንፍ አዩ።

እኛም እንዲህ ያለ ቀን አለን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍን ዕለት። ልጅ ነበርኩ። የማላውቀው ሰው ትከሻው ላይ አወጣኝ። ማን እንደሆንኩ፣ ከየት እንደሆንኩ አልጠየቀኝም። እኔ ሀገር የሚለውን ቃል ያኔ ነው የተማርኩት።

ግን ያ ሰው በማግስቱ የት ሄደ? እኔስ የት ሄድኩ? ከፊሽካው በኋላ ሁላችንም ወደየቤታችን ገባን። ችግራችን ይሄ ነው። ባንዲራ ለብሶ መጮህ እንችላለን። ኮሜንት ላይ መሳደብማ ማን ይችለናል! ሰው ሲቀር «የት ጠፋህ?» ማለት ግን ከበደን። አንዳችን ለአንዳችን ካልደረስን፣ ሀገር እንወዳለን ማለታችን ቲፎዞነት ብቻ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ከመካከላችን የቀረ አንድ ሰው አስቡና ደውሉለት። ላይክ አላልኩም፤ ደውሉ። የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ ሂዱ።

እኔ ባለፈው እሁድ ያ ልጅ ቤት ሄድኩ። አፍሬ በር ላይ ቆምኩ። እናቱ ትንሽ ተሽሏቸዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እሱ አየኝና መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?

«ስንት ለስንት ወጣን?»