አንድ ሥራ በሦስት መዝገብ

ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ ተጉዘን ጊምቢ ስንደርስ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እናገኛለን። ቀዩ እሸት በመኪና ይፈለፈላል፤ በገንዳ ይብላላል፤ ታጥቦም በአልጋ ላይ ይሰጣል።

ከዚህ ሥራ ሦስት ጥያቄ ይነሣል። ቡናው ጥራት አለውን? እጣቢው ወዴት ይፈሳል? ሠራተኛውስ ከአደጋ ተጠብቋልን? ለነዚህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 አይሶ 9001፣ በ1996 አይሶ 14001፣ በ2018 አይሶ 45001 የተባሉ የአመራር ደንቦች ወጥተዋል።

ብዙ ኩባንያዎች ታዲያ ለየደንቡ ልዩ ሹምና ልዩ መዝገብ ያቆማሉ። (እኛም የመሥሪያ ቤት ሰዎች መዝገብ ማብዛት እንወዳለን!) የጥራቱ ሹም ቡናው እንዳይኮመጥጥ ውሃ ይጨመር ይላል፤ የአካባቢው ሹም ውሃ ይቀነስ ይላል። እጣቢው ወደ ወንዝ ቢለቀቅ፣ በውስጡ ያለው ስኳር ሲበሰብስ የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣው ይሞታል፤ ከታች ያለው ገበሬም ከብቱን የሚያጠጣው ያጣል። ስለዚህ ማቆሪያ ጉድጓድ ይቆፈራል። ጉድጓዱ አጥር ከሌለው ግን በሌሊት የሚሠራ ሰው ይገባበታል። አንዱ ውሳኔ ሦስቱንም የሚነካ ከሆነ፣ ሦስቱ ሹማምንት ከመቆፈሩ በፊት በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ይገባቸዋል።

ይህም የሚቻል ነገር ነው። ሦስቱ ደንቦች ዛሬ የምዕራፍ አከፋፈላቸው አንድ ስለ ሆነ፣ የመሪው ኃላፊነት፣ ዕቅዱና የውስጥ ምርመራው በአንድ ሰነድ ሊያዙ ይችላሉ። በአገራችን ሕግ ግን ብክለቱ በአዋጅ ቁጥር 300/1995፣ የሠራተኛው ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለየብቻ ተደንግገዋል፤ ሥራ አስኪያጁም ለሁለቱም መልስ ይሰጣል። ሰነዱ እስኪዘጋጅ ድረስ፣ ማጠቢያው ሳይከፈት ጉድጓዱን ያሳጥር።