ተካፍሎ የሚተርፈው

የዛሬው ወጋችን የአንድ ቁጥር ወግ ነው፤ ሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ስምንት፣ 7518። ዘመነ ብሉይን 5500 ብላችሁ 2018ን ደምሩበት፤ የዘንድሮው ዓመተ ዓለም ይኸው ነው።

ባሕረ ሐሳብ የተማረ መሪጌታ ይህን ቁጥር ሲይዝ ብዛቱ አያስደንቀውም። ያካፍለዋል፣ ድርሻውን ይጥላል፣ ቀሪውን ይይዛል። ለ4 ሲያካፍለው 2 ይተርፈዋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ለ19 ሲያካፍለው 13 ይተርፈዋል፤ አንዱን ለዘመን ብሎ ያነሣና 12ን ወንበር ይለዋል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ ሠላሳ ሠላሳውን ሲገድፍ አበቅቴው 12 ይመጣል፤ ከ30 የጎደለው 18 ደግሞ መጥቅዕ ነው። ዕለቱን ሲፈልግ በ7518 ላይ ሩቡን 1879ን ይደምርና ለ7 ያካፍላል። 3 ይቀራል፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ሲቆጥር ሐሙስ ላይ ያርፋል። መስከረም 1 ሐሙስ አልነበረም? ከዚህ ተነሥቶ ነነዌን ጥር 25፣ ፋሲካን ሚያዝያ 4 ያውላል።

አሁን አካፋዮቹን እዩአቸው፦ 4፣ 7፣ 19። ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ሦስቱ ቀሪዎች ባንድነት ተመልሰው የሚገጥሙት የሦስቱ ብዜት ሲሞላ፣ በየ532 ዓመቱ ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር ይሉታል። የዘንድሮው የበዓላትና የአጽዋማት ሰሌዳ እንዳለ በ1486 ዓ.ም.፣ በአፄ እስክንድር ዘመን ውሎ ነበር። እንደገና የሚመጣው በ2550 ነው።

ያቺ 11 ግን የቤተ ክህነት ብቻ አይደለችም። የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ ልዩነቱ 11። ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት በየፊናቸው የሚከተሉት ይህችኑ ጨረቃ ነው። ሁለቱ የሚለያዩት በዕዳ አከፋፈል ነው። ባሕረ ሐሳብ በዓመት 11 ቀን ዕዳ ያጠራቅምና በ19 ዓመት 7 ጊዜ አንድ የጨረቃ ወር ጨምሮ ይከፍላል፤ ፋሲካ ከወቅቱ አይወጣም። ሂጅራ ግን ወር አይጨምርም፤ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየሳበ ክረምቱንም በጋውንም ይዞራል።

ዘንድሮ ሁለቱ ተገናኙ። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ሰኞ ገባ፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት። ባንድ ግቢ አንዱ ቤት ሽሮ፣ ሌላው ቤት ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ ተሰናዳ።

ከርሞ ይለያያሉ። ረመዳን ወደ የካቲት መባቻ ሲሳብ፣ ዐቢይ ጾም ወር ተጨምሮለት እስከ የካቲት 29 ይዘገያል። ካላመናችሁኝ እርሳስ አንሡና 7519ን ራሳችሁ አካፍሉት። መጀመሪያ ለ4 ሞክሩ፤ 3 ከተረፋችሁ ዘመኑ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም 6 ቀን ትሆናለች።