የመጀመሪያው ኪሎ ሜትርና የመሐንዲሱ ኀላፊነት

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ጎህ ሲቀድ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ፣ ከኡራኤልም በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጎዳና ወደ መገናኛ የሚሮጠው ወጣት ቁጥሩ ቀላል አይደለም። አብዛኛው ሯጭ ፈተናው የሚጀምረው በመጨረሻው ኪሎ ሜትር ይመስለዋል። የሩጫው ዕጣ ግን በአመዛኙ የሚወሰነው ገና ትንፋሽ ሳይከብድ፣ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሰው አካል በሚስበው ኦክሲጅን አማካይነት ሳያቋርጥ የሚያመነጨው ኀይል ወሰን አለው፤ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ከአነስተኛ መጠባበቂያ ይበደራል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህም በዝቅተኛ ስፍራ የማይከብደው ፍጥነት በአዲስ አበባ ብድር ይሆናል።

ሒሳቡን እንመልከት። የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ርቀት የሆነውን 10 ኪሎ ሜትር በ40 ደቂቃ ለመፈጸም ያቀደ ሯጭ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ አለው። የመጀመሪያውን በ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቢጨርስ 20 ሰከንድ ያተረፈ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በቀሩት ዘጠኙ በእያንዳንዱ 3 ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ 27 ሰከንድ ይከስራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ነው።

ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 በብራስልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሲፈጽም፣ የመጀመሪያውን አጋማሽ በ13 ደቂቃ ከ9.19፣ ሁለተኛውን በ13 ደቂቃ ከ8.34 ሰከንድ ሮጧል፤ ልዩነቱ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ያ ክብረ ወሰን 15 ዓመት ጸንቷል። ትእግስት አሰፋም እ.ኤ.አ. በ2023 የበርሊንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ስታሸንፍ ሁለተኛው አጋማሽ ከመጀመሪያው በ47 ሰከንድ ፈጥኗል። በአንጻሩ ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ እ.ኤ.አ. በ2022 በዚያው ከተማ የመጀመሪያውን አጋማሽ በ59 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ሮጦ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ሕጉ የማይሻር አይደለም ማለት ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛው አጋማሽ በ87 ሰከንድ ዘግይቷል።

የመሐንዲሱ ኀላፊነት እዚህ ላይ ይመጣል። ተራው ሯጭ ፍጥነቱን የሚያመዛዝነው በመንገድ ዳር በተተከለው የመጀመሪያ ምልክት ነው። ምልክቱ 50 ሜትር አልፎ ቢተከል፣ ዕቅዱን በትክክል የጠበቀው ሯጭ 12 ሰከንድ የዘገየ ይመስለዋል፤ ያንን ለማካካስ ሲሮጥም መጠባበቂያውን ያለ ጊዜው ይጨርሳል። ጥፋቱ የልኬቱ ሲሆን ቅጣቱ የእርሱ ይሆናል። የውድድር ጎዳና የጎማ ዙር በሚቆጥር መሣሪያ፣ አስቀድሞ በታወቀ ርቀት ላይ በተፈተነ ብስክሌት፣ ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው አጭሩ መስመር የሚለካው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የመጨረሻው መስመር ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውም ምልክት በጥንቃቄ ይለካ። ሯጩ ጉልበቱን የሚመድበው በእርሱ ተማምኖ ነውና።