ሽፍታው ሙሴ ወደ ቅዱስ ቁርባን እንደ ቀረበ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ መንገዱን የሳተ ሰው ሁለት ሕመም ይይዘዋል። አንደኛው ኃጢአቱ ነው፤ ሁለተኛውም «ለእኔ እንግዲህ መመለሻ የለኝም» የሚለው አሳብ ነው። እኛ ካህናት በንስሐ አባትነታችን እንደምናየው፥ ከፊተኛው ይልቅ ሁለተኛው ብዙዎችን ከደጅ ያስቀራል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን የምታስበውን የሙሴ ጸሊምን ነገር እናነሣለን።

ሙሴ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ይኖር የነበረ፥ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ የተባለ ጒልበተኛ ሰው ነበረ። የአንድ ሹም ባሪያ ሆኖ ሳለ ጌታው ስለ ሌብነቱ ቢያባርረው የሽፍቶች አለቃ ሆነ። አንድ ጊዜም ቂም የያዘበትን እረኛ ሊገድል ሰይፉን በአፉ ነክሶ ዓባይን በዋና ተሻገረ፤ እረኛው ቢያመልጠው አራት አውራ በጎች አርዶ ተመለሰ።

ይህ ሰው በኋላ በአስቄጥስ ገዳም መነኰሰ። መመለሱ ግን የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም። የቀድሞ ልማዱ በሕልም እየመጣ ያስጨንቀው ነበር። ጾመ፤ ሌሊቱን ቆሞ ጸለየ፤ አልለቀቀውም። በዚህን ጊዜ ሌሊት እየተነሣ፥ ውሃ ለመቅዳት ጒልበት ያነሣቸውን አረጋውያን እንስራ ይሞላላቸው ጀመር፤ ውሃውም ከአንዳንዶቹ በአት እጅግ ይርቅ ነበር። የሰው በግ ይዘርፍ የነበረው ክንድ የሽማግሌ እንስራ ተሸከመ። እኛ ከጾሙ ይልቅ ይህን እናደንቃለን፤ ጾምን ማቃለላችን ግን አይደለም።

አንድ ሌሊት ከጒድጓዱ አፍ ጐንበስ ብሎ ሲቀዳ ጠላት ወገቡን በዱላ መታውና ወደቀ። በማግሥቱ አንድ ሰው አግኝቶት ለአባ ኤስድሮስ ነገረ፤ አንሥተውም ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት፤ አንድ ዓመት ታመመ። ሙሴ ሕልሙ እስኪለቀኝ ድረስ ተጋድሎዬን አልተውም ቢል፥ አባ ኤስድሮስ ሕልሙ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም እንደ ተወገደለት ነግሮ፥ ሳይፈራ ወደ ቅዱስ ቁርባን እንዲቀርብ አዘዘው። ፈተናው የቈየበትም በገዛ ኀይሌ አሸነፍሁ ብሎ እንዳይመካ መሆኑን ገለጸለት።

ወገኖቻችን ሆይ፤ በአገራችን «ስሸመግል እቈርባለሁ» እያለ ዕድሜውን የሚጨርስ ስንቱ ነው? በክርስትናው ቀን የቀመሰውን ሥጋና ደም ዳግመኛ ሳይቀምስ የሚያረጅ ስንቱ ነው? እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱን ከዳንሁ በኋላ እጠጣዋለሁ እንደሚል በሽተኛ ነው። በእርግጥ ያለ ንስሐ አይቀረብም፤ የሰው ገንዘብ የወሰደ ይመልስ፤ የተጣላ ይታረቅ። ቀኖናውን ግን ካህኑ እንደ አቅሙ አይቶ ይሰጠዋልና አስቀድሞ አይፍራው።

ሙሴ ኋላ ቅስና ተሾመ። አንድ ወንድም በድሎ ማኅበሩ ሊፈርድበት በተሰበሰበ ጊዜ፥ አሸዋ የሞላበት ቀዳዳ ቅርጫት አዝሎ መጣ። ምንድር ነው ቢሉት፥ የራሱ ኃጢአት ከኋላው ሲፈስ ሳያይ በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው፤ እነርሱም ያን ወንድም ይቅር አሉት። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወራሪዎች በገዳሙ ላይ በመጡ ጊዜ አልሸሽም ብሎ በሰይፋቸው ሞተ።

ከቅጽሩ ውጭ ቆማችሁ የምትሳለሙ ሁሉ፥ በዚህ ሳምንት ወደ ንስሐ አባቶቻችሁ ሂዱ። የንስሐ አባት የሌላችሁም የደብራችሁን ካህን ጠይቁ።

የአባታችን የሙሴ ጸሊም በረከቱ ከሁላችን ጋራ ይሁን፤ አሜን።