ደከመኝ ማለት ነውር አይደለም

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን ስለ አንድ የጤና ጉዳይ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፥ ብዙዎቻችሁ ስለ ወባ ወይም ስለ ሳንባ ነቀርሳ የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን የመረጥሁት ማንም በሽታ ብሎ የማይጠራውን ነገር፥ ይኸውም የሥራ ድካምን ነው። አስቀድሜም በሰማይ ላይ የሚሠሩትን ሰዎች አነሣለሁ።

የምኖረው ጉርድ ሾላ ነው። በግቢያችን አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ተከራይታ ትኖራለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት መኪና መጥቶ ይወስዳታል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ትመለሳለች። ቀን ቀን መስኮቷን በብርድ ልብስ ጋርዳ ስትተኛ እያየሁ፥ «እንዴት ያለች እንቅልፋም ናት!» እል ነበር። ራዲዮኔንም ከፍ አድርጌ እከፍት ነበር። አንድ ቀን ከደጃፏ ቆማ፥ «ወንድሜ፥ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም። «እትዬ፥ እንዲህ ከደከመሽ ለምን አትናገሪም?» ብላት፥ «ደከመኝ ያለ ሰው ሰነፍ ይባላል» አለችኝ። ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ያ መልሷ ነው።

እንደሚታወቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ካይሮ አደረገ። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባለው ጄት ሲመጣ በረራው ረዘመ፥ ከፍታውም ጨመረ።

ብዙ ሰው የበረራ ሠራተኛን የሚጎዳው የአየር መሳሳት ይመስለዋል። ለአዲስ አበባ ሰው ግን ይህ ትንሹ ነው። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ በ2004 ዓ.ም. የመጣው ቦይንግ 787 ግን በውስጡ ያለው አየር ከ1,800 ሜትር ከፍታ አየር ጋር እንዲመጣጠን ሆኖ ይታመቃል። እንግዲህ ከቦሌ ወደ ሰማይ የወጣ ሰው፥ በአየሩ በኩል ወደ አዳማ እንደ ወረደ ያህል ነው።

የሚከብደው ሌላው ነው። በአይሮፕላን ውስጥ ያለው እርጥበት ብዙ ጊዜ ከመቶ 20 እጅ በታች ስለሚሆን ዓይንና ጉሮሮ ይደርቃል። ከጠፈር የሚመጣው ጨረርም ከፍ ባሉ ቁጥር ይበረታል። በምድር ወገብ አጠገብ የምድር መግነጢስ ስለሚመክተው፥ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚበርር ሠራተኛ ወደ ናይሮቢ ከሚበርረው ይልቅ ብዙ ይቀበላል።

ከሁሉ የከፋው ግን የሰዓት መዛባት ነው። ሰውነታችን በብርሃንና በጨለማ የሚመራ የራሱ ሰዓት አለው። አዲስ አበባና ዋሽንግተን በ7 ወይም በ8 ሰዓት ይለያያሉ፤ ሰውነት ግን በአንድ ቀን የሚያስተካክለው 1 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሠራተኛው እዚያ ሳይለምድ ይመለሳል፤ እዚህም ሳይለምድ እንደገና ይነሣል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1997 የታተመ የአውስትራልያ ጥናት እንዳሳየው፥ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የሥራ ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ ከመቶ 0.05 እጅ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይተካከላል። በፈተና ዋዜማ ሻይ እየጠጣን የምናነጋ ሁላችን፥ ወደ ፈተናው አዳራሽ እንደ ሰካራም መግባታችንን እንወቀው!

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የመጣ የአገራችን አይሮፕላን ቦሌ ሲደርስ መውረድ ሲገባው፥ በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ ከሜዳው አለፈ። ከመሬት ቢጠሩት መልስ አልሰጠም። ሁለቱ አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው እንደ ነበር፥ አይሮፕላኑን በራሱ የሚነዳው መሣሪያ ሲለቅ የጮኸው ድምፅም እንደ ቀሰቀሳቸው በውጭ አገር ጋዜጦች ተጻፈ። አየር መንገዱ ግንኙነቱ ለጊዜው ተቋርጦ እንደ ነበር ገልጾ፥ ጉዳዩ እስኪመረመር አብራሪዎቹን ከበረራ ማገዱን አስታወቀ። አይሮፕላኑ በደኅና ዐረፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ሰሞን እኔም ከሳቁት መካከል ነበርሁ። «እነዚህ ሰዎች ከዚያ በፊት ስንት ሌሊት ሳይተኙ አድረው ይሆን?» ብዬ ለመጠየቅ የበቃሁት ከጎረቤቴ ጋር ከተነጋገርሁ በኋላ ነው።

መፍትሔ የለም አይባልም። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ባደረገው ጥናት፥ በረጅም በረራ ላይ ተራ በተራ 40 ደቂቃ ዕረፍት የተፈቀደላቸው አብራሪዎች በአማካይ 26 ደቂቃ ያህል ተኝተው ንቃታቸው ተሻሽሎ ተገኝቷል። ባልደረባ እያወቀ፥ በተራ የተወሰደ እንቅልፍ መንገደኛውን ይጠብቃል። አደጋ የሚሆነው ተደብቆ የኖረ ድካም ሳይታወቅ የሚያመጣው እንቅልፍ ነው።

ጉዳዩም የሰማይ ብቻ አይደለም። በጅቡቲ መንገድ ብቻውን የሚነዳውን የከባድ መኪና ሹፌር፥ በር ላይ የሚያድረውን ዘበኛ፥ የሌሊት ተረኛዋን ነርስ አስቡ። እንቅልፉን በጫት የሚዋጋ ሹፌር ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያርፍም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 የሌሊት ፈረቃ ሥራን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት ነገሮች ጋር መድቦታል፤ በ2019ም ይህንኑ አጽንቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ነገር ግን የቀን 8 ሰዓትና የሌሊት 8 ሰዓት ለሰውነት አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። መምህራኖቻችን ስለ ሥራ ጤና ትምህርት እንዲሰጡን፤ እኛም ነገ ሐኪም፥ መሐንዲስ ወይም አለቃ ስንሆን፥ «ደከመኝ» የሚለንን ሰው ሰነፍ ከማለት ይልቅ እውነት በመናገሩ እንድናመሰግነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፥ ሰው ሳይወድቅ መስማት ይሻላል።

እኔ ራዲዮዬን ዝቅ አድርጌያለሁ።